ማሪዮ በሶኒክ አገር፦ ስለ «ሶማሪ» እና ስለ ፎርጅድ የጌም ካሴቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለፈው ክረምት የእናቴን ቤት ዕቃ ስናወጣ ከአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት የጌም ካሴቶች አገኘሁ። አንዱ ቢጫ ነው። የፊቱ ወረቀት ተልጧል። አክስቴ ከጅዳ ስትመጣ ከነማሽኑ ያመጣችልን ነው። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቢጫው ካሴት ውስጥ ማሪዮ አለ። ጢሙም ኮፍያውም የራሱ ነው። የሚሮጠው ግን በሌላ ጌም ጀግና፣ በሰማያዊው ጃርት በሶኒክ አገር ነው፤ የሚሰበስበውም ሳንቲም ሳይሆን ቀለበት ነው። ትምህርት ቤት ሄጄ ስናገር ማንም አላመነኝም። ካደግኩ በኋላ እኔም ራሴ መጠራጠር ጀምሬ ነበር። «ሕልም ይሆን እንዴ?» እስከማለት ደርሻለሁ።

ሕልም አልነበረም። ጌሙ «ሶማሪ» ይባላል። ካሴቱን ያየ ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ነገር ስለሚጠይቀኝ መልሶቹን አንድ ቦታ ሰብስቤያቸዋለሁ። ለየት አድርጌ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሶማሪ ምንድን ነው?

በ1994 ታይዋን ውስጥ የወጣ፣ ማንም ፈቃድ ያልሰጠው ጌም ነው። የተሠራው ፋሚኮም ለሚባለው የኒንቴንዶ ማሽን ነው። የተቀዳው ግን ከኒንቴንዶ ጌም አይደለም። ሴጋ የሚባለው ተፎካካሪ ድርጅት በ1991 ለራሱ ማሽን ለሜጋ ድራይቭ ያወጣውን የመጀመሪያውን ሶኒክ ወሰዱ። ሶኒክን አስወጡ። በቦታው ማሪዮን አስገቡ።

ይህ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር ለማያውቅ ላስረዳ። ኒንቴንዶና ሴጋ የለየላቸው ባላንጣዎች ነበሩ። ማሪዮ የአንዱ ፊት ነው፣ ሶኒክ የሌላው። ጊዮርጊስና ቡና አንድ ማልያ ለብሰው ሜዳ ሲገቡ አስቡት። ሁለቱ ገጸ ባሕርያት በሕጋዊ መንገድ አንድ ጌም ላይ የተገናኙት በ2007 ነው፤ ለቤጂንግ ኦሎምፒክ በተዘጋጀው ጌም። ሶማሪ ከዚያ 13 ዓመት ቀድሟል።

ስሙ ከየት መጣ?

«ሶ» ከሶኒክ፣ «ማሪ» ከማሪዮ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ማን ሠራው?

«ሃመር ቲም» የሚባል የታይዋን ቡድን ነው። ያሳተመው ደግሞ «ጌ ዴ ኢንዱስትሪ» የሚባል ድርጅት ነው። ቡድኑ በዚህ ጌም ላይ ራሱን «ሶመሪ ቲም» ብሎ ነው የጻፈው። የእነዚህ ሰዎች ስም በጋዜጣ አልወጣም፤ ሽልማትም አልወሰዱም። ማንነታቸው በአብዛኛው የታወቀው በሥራቸው ነው። በተለያየ ስም የወጡ ጌሞችን ጎን ለጎን አድርገው የመረመሩ ሰዎች የሙዚቃ ማጫወቻ ኮዱ አንድ ዓይነት ሆኖ አገኙት። ድምፁም ተመሳሳይ ነው። አንድ አዝማሪ ስሙን ቢቀይርም ከማሲንቆ አመታቱ እንደሚታወቀው ማለት ነው።

ሃመር ቲም ሶማሪን ብቻ አይደለም የሠራው። በ1993 «ካርት ፋይተር» ወጥቷል። የማሪዮ ካርት መኪና ነጂዎች ከመኪናቸው ወርደው እንደ ስትሪት ፋይተር ይደባደባሉ። በ1995 ደግሞ የተሻለ አቅም ላለው ለሱፐር ኒንቴንዶ ማሽን የወጣውን «ሱፐር ማሪዮ ወርልድ» ወደ ፋሚኮም አወረዱት። «ጂንግ ከ» ስለሚባል ጥንታዊ ቻይናዊ የሚተርክ፣ የማንንም ጌም ያልገለበጠ የራሳቸው ሥራም አላቸው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ካሴት ሲያይ «አይ፣ የቻይና ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። እነዚህ ሰዎች ሰርቀዋል፤ አዎ። ግን የሰረቁት ሐሳብና ስዕል ነው። ኮዱን ከዜሮ ጀምረው በእጃቸው ነው የጻፉት። ለምን እንደዚያ እንደምል የሚቀጥለው ጥያቄ ላይ እመጣበታለሁ።

የሴጋ ጌም እንዴት በኒንቴንዶ ማሽን ላይ ሊሠራ ቻለ?

እንደ ካሴት ሙዚቃ ቀድተው የሚወስዱት ነገር አልነበረም። የሜጋ ድራይቭ ኮድ ፋሚኮም ላይ አንድ መስመር እንኳን አይሠራም። የሁለቱ ማሽኖች ቋንቋ የተለያየ ነው።

አቅማቸውን አነጻጽሩት። ሜጋ ድራይቭ ሞቶሮላ 68000 የሚባል ፕሮሰሰር አለው፤ ወደ 7.6 ሜጋኸርዝ ይሮጣል። ዋና ራሙ፣ ማለትም ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ 64 ኪሎባይት ነው። ፋሚኮም ግን ጃፓን ውስጥ የወጣው በ1983 ሐምሌ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ 6502 የሚባለው ፕሮሰሰር ዘመድ ነው፤ ፍጥነቱ ወደ 1.79 ሜጋኸርዝ ነው። ዋና ራሙስ? 2 ኪሎባይት። ሁለት ብቻ! ዛሬ በስልካችሁ የምትልኩት አንዲት ፎቶ ከዚያ በመቶዎች እጥፍ ትበልጣለች።

ፋሚኮም ስክሪን ላይ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ቢበዛ 25 ቀለም ነው። የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ስዕሎቹ 64 ናቸው። ከእነሱ ውስጥ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ ቢደረደሩ የተረፉት አይታዩም። በልጅነታችን ጠላት ሲበዛ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል ብለን ስንመታው ኖረናል። ቴሌቪዥኑ ምንም አልሆነም ነበር።

አሁን ሶኒክን አስታውሱ። ሶኒክ ማለት ፍጥነት ነው። ዳገት ይወጣል፣ ቁልቁለት ሲወርድ ይከንፋል፣ ተንከባሎ ይሄዳል። ኋላው ያለው ተራራ ከፊት ካለው መሬት በተለየ ፍጥነት ይንሸራተታል። ይህን ሁሉ በ2 ኪሎባይት ራም ለማስመሰል መሞከር ራሱ ድፍረት ነው። ሃመር ቲም ሞከረው፤ የሶኒክን የመጀመሪያ ክፍል ግሪን ሂልን አይታችሁ «ይሄ ግሪን ሂል ነው» እስክትሉ ድረስም ተሳካለት። ማርብል፣ ስፕሪንግ ያርድ፣ ስታር ላይትና ስክራፕ ብሬይንም አሉ። የቀረው ላቢሪንዝ ነው፤ ያ ውኃ ውስጥ የሚገባበት ክፍል። በዚያ ላይ ዋናው የመጀመሪያው ሶኒክ ውስጥ የሌለ ነገር ጨምረዋል። ባለበት ቆሞ እየተሽከረከረ ጉልበት አጠራቅሞ የሚወነጨፍበት ስልት ከሁለተኛው ሶኒክ የመጣ ነው። ማሪዮ ያንን ሲያደርግ ማየት ለእኔ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ጥሩ ጌም ነው?

ከባድ ነው። አንዳንዴም ያናድዳል። መቆጣጠሪያው አይታዘዝም፤ ዘለልኩ ስትሉ ወድቃችኋል። የነካችሁ ሳይመስላችሁ ትሞታላችሁ። ስፕሪንግ ያርድ ላይ ወንድሜ ጆይስቲኩን መሬት ላይ ጥሎ የወጣበትን ቀን አልረሳውም።

ግን «ጥሩ ነው ወይ» የሚለው ጥያቄ ለእኔ ዋናው አይደለም። የአገሩን ልጆች ፍላጎት አይተው፣ የሌላቸውን ማሽን ባላቸው ማሽን ለመተካት የሞከሩ ሰዎች ሥራ ነው። ሜጋ ድራይቭ ውድ ነበር። የፋሚኮም ኮፒ ርካሽ ነበር። ሶኒክን መጫወት የሚፈልግ፣ ግን መግዛት የማይችል ልጅ ብዙ ነበር። ከእነሱ አንዱ እኔ ነበርኩ።

እቤታችን የነበረው ማሽን ኒንቴንዶ ነበር?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን፣ ያ ማሽን የፋሚኮም ኮፒ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። በየአገሩ ስሙ ይለያያል። ሩሲያ ውስጥ ከ1992 መጨረሻ ጀምሮ «ደንዲ» ተብሎ ተሸጧል። ፖላንድ ውስጥ «ፔጋሰስ» ነው። ቻይና ውስጥ «ሱቦር» ኪቦርድ ተገጥሞለት የልጆች መማሪያ ተብሎ ገበያ ወጣ፤ በቴሌቪዥን ያስተዋወቀው ጃኪ ቻን ነበር። በእነዚህ አገሮች «ኒንቴንዶ» የሚለውን ስም ሳይሰማ ያደገ ልጅ ብዙ ነው።

የእናንተው ምን እንደነበር ለማወቅ ካሴቱን ገልብጡት። የብረት ጥርሶቹን ቁጠሩ። የጃፓኑ ፋሚኮምና ኮፒዎቹ 60 ጥርስ አላቸው። ኤን.ኢ.ኤስ. የሚባለው የአሜሪካና የአውሮፓው የኒንቴንዶ ማሽን 72 ነው፤ ካሴቱም ትልቅና ግራጫ ነው። የእኔ ቢጫ ካሴት 60 ነው።

ኒንቴንዶ ለምን አልከለከላቸውም?

የጃፓኑ ፋሚኮም መቆለፊያ አልነበረውም። ማንኛውንም ካሴት ይቀበላል። ኒንቴንዶ ከዚህ ተምሮ በ1985 አሜሪካ ያስገባው ማሽን ውስጥ የመቆለፊያ ቺፕ አስቀመጠ። ካሴቱ ውስጥ ጥንዱ ቺፕ ከሌለ ማሽኑ እየጠፋ ይበራል። እስያ ላይ ግን በሩ ቀድሞ ተከፍቶ ነበር። ቆይቶ ደግሞ የማሽኑን አካል በሙሉ አንድ ቺፕ ውስጥ መክተት ተቻለ። የድሮ ኮፒ ማሽን ስትከፍቱ መሐል ላይ እንደ ሬንጅ ጠብታ ያለ ጥቁር ነገር ታያላችሁ። ማሽኑ በሙሉ ያለው እዚያ ሥር ነው።

ካሴቴ ላይ «9999999 በ1» ይላል። እውነት ነው?

አይደለም። እውነተኛዎቹ ጌሞች ጥቂት ናቸው። ዝርዝሩ ውስጥ የቀሩት ያው ጌም በሌላ ስም ወይም ከሌላ ሌቭል ሲጀምር ነው። ለምሳሌ ኮንትራ የሚባለው የተኩስ ጌም አንዴ በብዙ ላይፍ፣ አንዴ በተለየ መሣሪያ ይመጣል። ሆኖም እንዲህ ያለውን ካሴት አትናቁት። በሌላ ቦታ ያልተገኘ ጌም ከእነዚህ ዝርዝሮች መሐል ተደብቆ የተገኘበት ጊዜ አለ።

ማንም የማያውቀው ጌም እንዳገኘሁ በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ ርዕሱን አትመኑ። መክፈቻው ላይ የተጻፈው ስም ብዙ ጊዜ ውሸት ነው። ከስዕሉ በፊት እንቅስቃሴውን እዩ። ገጸ ባሕርይው እንዴት ይዘላል? ጠላት እንዴት ይሞታል? ላይፉ በምን ይቆጠራል? ከጭንቅላቱ በታች ያለው አካል ከጭንቅላቱ ጋር ይሄዳል?

ዋናው ምሳሌ «7 ግራንድ ዳድ» ነው። መክፈቻው ላይ ማሪዮ ይታያል፤ ከጎኑ የተጻፈው ትርጉም አይሰጥም። ሲጀመር የማሪዮ ጭንቅላት በቆዳ ልብስ አካል ላይ ተተክሎ፣ በድንጋይ ዘመን ሰፈር ውስጥ ዱላ ይዞ ይዞራል። ምክንያቱም ጌሙ «ታይቶ» የሚባለው የጃፓን ድርጅት በ1991 ያወጣው፣ በድንጋይ ዘመን ስለሚኖሩት የካርቱን ቤተሰብ ስለ ፍሊንትስቶን የተሠራ ጌም ነው። ጭንቅላቱንና መክፈቻውን ብቻ ቀይረውታል። «ሱፐር ማሪዮ 6» ተብሎ የተሸጠውም እንዲሁ ታይኒ ቱን የሚባለው ካርቱን ጌም ነው።

እዚህ ላይ ልዩነቱን ያዙልኝ። ግራንድ ዳድ ቅብ ነው፤ የሌላ ሰው ቤት ላይ ቀለም መቀባት። ሶማሪ ግን ከመሠረቱ የተሠራ ቤት ነው፤ ፕላኑ ብቻ ነው የተሰረቀው። ሁለቱም ፎርጅድ ይባላሉ። ስታገኙ መጀመሪያ የምትለዩት ይህንን ነው።

ቀጥሎ ሙዚቃውን ስሙት። ዓይናችሁን ጨፍኑና ከሌላ ከምታውቁት ጌም ጋር ድምፁ ይመሳሰል እንደሆነ አዳምጡ። ቅድም እንዳልኩት ቡድኖቹ የሚታወቁት በዚህ ነው።

ከዚያ ሁሉንም በቪዲዮ ቅዱ። መክፈቻውን፣ የመጀመሪያውን ሌቭል፣ ጌም ኦቨሩን። ጌም ኦቨር ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ መቀየር ስለሚረሱት ዋናውን ጌም ያጋልጣል። ካሴቱን በፊትም በኋላም ፎቶ አንሱ። ወረቀቱ ላይ ያለች ትንሽ ቁጥር ሳትቀር ትጠቅማለች።

ካሴቱ አልነሳ አለኝ። እፍ ልበልበት?

አትበሉ። ሁላችንም ብለናል፤ ግን ትንፋሽ እርጥበት አለው፤ ብረቱን ያዝገዋል። ያኔ የሠራልን እፍታው ሳይሆን አውጥተን መልሰን መሰካታችን ነው።

ፋርማሲ ሄዳችሁ ጠንከር ያለ አልኮል ግዙ፤ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። የጆሮ ጥጥ አርጥባችሁ ጥርሶቹን ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙት። እስኪደርቅ ጠብቁና ሰኩት። የእኔ በሦስተኛው ጥጥ ተነሳ።

ካሴቱን ከፍታችሁ ቺፑ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካያችሁ አትንቀሉት። ከሥሩ መስታወት ያላት ትንሽ መስኮት ልትኖር ትችላለች። እንዲህ ዓይነቱ ቺፕ ላይ ያለው ጽሑፍ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይጠፋል። ወረቀቱ ጌጥ አይደለም፤ ጌሙን ከፀሐይ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ጌም ሴቭ የሚያደርግ ካሴት ከሆነ ውስጡ ባትሪ አለ። ባትሪው አርጅቶ አረፋ ካወጣ ቦርዱን ይበላዋል። ራሳችሁ ለመንቀል አትቸኩሉ። ብየዳ የሚችል የሞባይል ወይም የቴሌቪዥን ጠጋኝ ጋ ውሰዱት።

ወደ ኮምፒውተር እንዴት ይገለበጣል?

ካሴት አንባቢ የሚባል በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሰካ መሣሪያ አለ። ካሴቱን ይሰካሉ፣ ፕሮግራሙ ቺፖቹን አንብቦ ፋይል ያደርጋቸዋል። የፋሚኮም ካሴት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሮም፣ ማለትም ጌሙ የተጻፈበት ቺፕ፣ አለው፤ አንዱ ኮዱን የያዘ፣ ሌላው ስዕሉን። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ 16 ባይት ያላት አጭር መግለጫ ይጨመራል። ኢሙሌተሩ፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ የድሮውን ማሽን የሚያስመስለው ፕሮግራም፣ ካሴቱ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያውቀው ከእሷ ነው።

ችግሩ የሚመጣውም እዚህ ነው። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ሊያየው የሚችለው የኮድ መጠን 32 ኪሎባይት ነው። ጌሙ ከዚያ ሲበልጥ ካሴቱ ውስጥ ገጽ የሚገልጥ ቺፕ ያስፈልጋል፤ «ማፐር» ይሉታል። ማሽኑ «ቀጣዩን ክፍል አምጣ» ይላል፤ ማፐሩ ያመጣል። ኒንቴንዶ የራሱ ማፐሮች አሉት። ኮናሚ የሚባለው የጌም ድርጅትም የራሱ አለው። ፎርጅድ ካሴቶች ደግሞ ማንም መመሪያ ያልጻፈላቸው የራሳቸው አላቸው።

የሶማሪ ማፐር በቁጥር 116 ተብሎ ተመዝግቧል። እኔ ይህን ስሰማ አፌን ነው የያዝኩት። ያ ቦርድ የሦስት የተለያዩ ቺፖችን ሥራ ይሠራል። ሁለቱ ኤም.ኤም.ሲ.1 እና ኤም.ኤም.ሲ.3 የሚባሉት የኒንቴንዶ ቺፖች ናቸው፤ ሦስተኛው ቪ.አር.ሲ.2 የኮናሚ ነው። እንደ አስፈላጊነቱ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ይሆናል። ይህንን የሠራ ሰው ቀላል ሰው አይደለም።

ማፐሩ ካልታወቀ ፋይሉ ቢኖራችሁም ጌሙ አይነሳም። ጥቁር ስክሪን ታያላችሁ። ያኔ «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትጣሉት። አንባቢው በትክክል ካነበበው፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ኢሙሌተር እስኪመጣ ፋይሉ ይቀመጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ አንብባችሁ ፋይሎቹ አንድ መሆናቸውን አረጋግጡ። ከተለያዩ ጥርሱ በደንብ አልጸዳም ማለት ነው።

ፎርጅድ ካሴት ለምን መቆለፊያ ይኖረዋል?

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባል የለ? እነዚህ ድርጅቶች ከሁሉም በላይ የሚፈሩት ሌላውን ገልባጭ ነበር። ቫስት ፌም የሚባለው የታይዋን ድርጅት በእጅ ለሚያዘው የኒንቴንዶ ማሽን ለጌም ቦይ የሠራቸው ካሴቶች ይታወቃሉ። ከካሴቱ የሚወጣው ዳታ ሆን ተብሎ ይዘበራረቃል። አሰላለፉን የሚያውቀው ካሴቱ ብቻ ነው። እንደተለመደው ብትገለብጡት የምታገኙት ፋይል አይሠራም። በዚህ የተነሳ አንዳንዶቹ ጌሞች እየታወቁ ለረጅም ጊዜ በኢሙሌተር መጫወት አልተቻለም ነበር። ቁልፉን አንድ በአንድ የፈቱት በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ማንም አልከፈላቸውም። በጣም አከብራቸዋለሁ።

ሌላ ምን ተገኝቷል?

ብዙ አለ። እኔን የማረኩኝን ሁለት ልንገራችሁ።

አንደኛው «ፖኬሞን ዳይመንድ» እና «ፖኬሞን ጄድ» ናቸው። የጌም ቦይ ከለር ካሴቶች ናቸው። እውነተኛው ፖኬሞን ዳይመንድ ጃፓን ውስጥ የወጣው በ2006 ነው። እነዚህ ግን ከዚያ ከዓመታት በፊት በየገበያው ይሸጡ ነበር። የገዛቸው ልጅ «አዲሱ ፖኬሞን ደረሰኝ» ብሎ ይጀምራል። ፒካቹ የለም። የሚያውቀው አንድም ፍጥረት የለም። እንግሊዝኛው አይገባም። በዚያ ላይ ፍጥረቶቹን የሚይዛቸው እንደ ፖኬሞን በኳስ አይደለም። ስልክ ቁጥራቸውን ተቀብሎ ይደውልላቸዋል!

ነገሩ ሲጣራ ጌሙ ስማይልሶፍት የሚባለው ድርጅት በ2000 ኅዳር ላይ ጃፓን ውስጥ ያወጣው «ቴሌፋንግ» ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዓይነት ነበር፤ ፓወር እና ስፒድ። ፓወር «ዳይመንድ» ተባለ፣ ስፒድ «ጄድ»። ቴሌፋንግ የራሱ ዓለም ያለው፣ ሞባይል ጃፓንን ባጥለቀለቀበት ጊዜ የታሰበ ቆንጆ ጌም ነው። ከጃፓን ውጪ በይፋ አልተሸጠም። ብዙ ሰው ያወቀው በሌቦቹ በኩል ነው። አድናቂዎች ኋላ ላይ ዋናውን በደንብ መተርጎም የጀመሩት ፎርጅዱን በልጅነታቸው ስለተጫወቱ ነው። ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ሁለተኛው የፋሚኮሙ «ፋይናል ፋንታሲ 7» ነው። ዋናው በ1997 ለፕሌይስቴሽን ሲወጣ ሦስት ሲዲ ነበር። በ2005 ናንጂንግ የሚባል የሼንዘን ድርጅት ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ የፋሚኮም ካሴት አወጣው። መጠኑ 2 ሜጋባይት ነው። ልብ በሉ፣ ማሽኑ ያኔ 22 ዓመቱ ነው። ዩፊና ቪንሰንት የሚባሉት ገጸ ባሕርያት ቀርተዋል። ዋናው ታሪክ ግን አለ፤ ከተሞቹም፣ ውጊያዎቹም። ጽሑፉ በሙሉ ቻይንኛ ነበር። ከዓመታት በኋላ አድናቂዎች ወደ እንግሊዝኛ መለሱት፤ ስዕሉንና የውጊያውን ሚዛንም አስተካከሉት።

እንዲህ ያለ ካሴት መያዝ ወይም መገልበጥ ሕገ ወጥ ነው?

ጌሙን ሠርተው የሸጡት ሰዎች የሌላውን መብት ጥሰዋል። ይህ ግልጽ ነው። እኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ከሚያገኙት ሥራዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ገልብጣችሁ አትሽጡ። ኮፒውን እያባዛችሁ ብር አትሥሩበት። የእኔ ምክር ይኸው ነው። የሕግ ምክር ከፈለጋችሁ ጠበቃ ጠይቁ።

ይሸጣል? ስንት ያወጣል?

የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ሶማሪ ግን ዛሬ የታወቀ ጌም ስለሆነ ሀብታም አያደርጋችሁም። ያልታወቀ ነገር ከሆነ ደግሞ ከመሸጣችሁ በፊት ይገልበጥ። አንዴ ተሽጦ ከአንድ ሰው መደርደሪያ ከገባ በኋላ ላይመለስ ይችላል። ካሴቱ ቢቃጠል ጌሙም አብሮ ያልቃል። ኦሪጅናል የኒንቴንዶ ጌም በሚሊዮን ተባዝቷል፤ አይጠፋም። ፎርጅዱን ግን ያሳተመው ድርጅት ተዘግቷል፣ ኮዱ ያለበት ኮምፒውተር ተጥሏል፣ የሠራው ሰው ስሙ አይታወቅም። የቀረው እናንተ ቤት ያለው ካሴት ብቻ ሊሆን ይችላል።

የእናንተው ካሴት ምን ሆነ?

ቢጫው ተነበበ። ፋይሉ ቀድሞ ከሚታወቀው የሶማሪ ቅጂ ጋር አንድ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር ብሎኛል፤ የተለየ ነገር ይወጣል ብዬ ጓጉቼ ነበር።

አክስቴ ጋ ደውዬ የት እንደገዛችው ጠየቅኳት። ለደቂቃ ዝም አለች። «እኔ እኮ አልገዛሁትም» አለችኝ። ማሽኑን ስትገዛ ባለ ሱቁ ለልጆቹ ብሎ በምርቃት የሰጣት ነው። ሁለቱንም። ሌላኛው ካሴት ጥቁር ነው፤ ላዩ ላይ «52 በ1» ይላል። ጥርሱ ክፉኛ ዝጓል። እስካሁን አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አምስቱም ፋይሎች ይለያያሉ። ቅዳሜ እንደገና አጸዳዋለሁ።